የአባት «አይሆንም»

ስዊድናዊ ሽማግሌ ይዤ ሴት ልጅ ልለምን እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን ዮራንን እንቢ ማለት አልቻልኩም። አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አብረን ስንሠራ ብዙ ዘመናችን ነው። ልጁ ሮቢ ደግሞ የጋሼ ይግዛውን ልጅ ፌበንን ወዷል። ፌበን ነርስ ናት፤ እዚሁ ስዊድን ያደገች ስለሆነች በአማርኛ ስትጠየቅ በስዊድንኛ ትመልሳለች። በአንድ ነገር ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ «ያለ አባዬ ምርቃት አላገባም» ብላለች። አባቷ ደግሞ ሽማግሌ ካልመጣ አይመርቁም።

እናም በዘጠና ስድስት መጸው፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሶለንቱና ጋሼ ይግዛው ቤት ሄድን። ባለቤታቸው ያለምወርቅ በሩን ከፍታ «ተቀመጡ» ስትለን «ጉዳይ አለን፣ ቆመን እንናገራለን» አልኩ። ዮራንም ጉልበቱን እያመመው አጠገቤ ተገትሮ ቆመ። በደንብ አስጠንቼዋለሁ። «ልጅህን ለልጄ እንድትሰጠኝ ልለምን መጣሁ» አለ በስዊድንኛ፤ እኔም በወጉ አሳምሬ ተረጎምኩት።

ጋሼ ይግዛው ከረባታቸውን አስተካከሉና «አይሆንም። ልጄ ገና ልጅ ናት» አሉ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደመወዟም ከእሳቸው ይበልጣል። ያም ሆኖ አልደነገጥኩም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የልጅ አባት የት ይገኛል? ሰው ሰምቶ «ምነው፣ ሰልችታው ነበር እንዴ?» ይለዋል። «በሚቀጥለው እሑድ እንመለሳለን» ብዬ ተሰናበትን።

ደረጃው ላይ ለዮራን ወጉን አስረዳሁት። ሦስቴ እንመላለሳለን፤ በሦስተኛው እሺ ይላሉ። ዮራን ግን የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ።

«አይሆንም ያለው ከልቡ ነው?»

«ከልብም ነው፣ ከልብም አይደለም።»

«ከልቡ ከሆነ ሁለተኛ አልጠይቀውም። ካልሆነ ደግሞ ቃሉ አንድ ስቲቨር አያወጣም ማለት ነው። ልጁን የምለምነውን ሰውዬ እንደዚያ አድርጌ አላየውም።»

ስቲቨር ምንድነው አልኩት። ድሮ ከሆላንድ ነጋዴዎች ጋር የመጣ ቃል ነው አለኝ፤ የትንሽ ሳንቲም ስም። አያቱ እንኳ ሳንቲሟን በእጁ አልያዛትም፤ ስሟ ግን ዋጋ ቢስ የሆነውን ነገር ሁሉ ለመናቅ ከሰው አፍ ሳትወርድ ቀርታለች። የእኛይቱ ቤሳ ትዝ አለችኝ። እሷም አገሯ ከባሕር ማዶ ነው፤ ገበያ ላይ ካየናት ስንት ዘመኗ፣ ዛሬም ግን ኪሳችን ሲራቆት «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» እንላለን። ይህን ሁሉ ብነግረውም ዮራን አልተበገረም። ግትር ነው። ግን ተናድጄበት ስሄድ እንኳ ልክነቱ ይታየኝ ነበር። ሰውን ማክበር ለእሱ ቃሉን እንደተናገረው መውሰድ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። ጋሼ ይግዛው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጎረቤታቸውን ቶሎሳን አስቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ጓዳ በኩል ወጥ ይሸታል። ዮራን ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቶሎሳ «ጉድ ነው» ብሎ አቀረቀረ። ፌበን ከክፍሏ ወጥታ አባቷን አየቻቸውና ተመልሳ ገባች። ከዚያ ጋሼ ይግዛው «የወንድ ወገን ነው የሚለምን። እኔ ልጄን ይዤ በር ላንኳኳ ነው?» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ልጅቷ ግን በሁለት ልክ መሀል ቀርታለች። አንጀቴን በላችኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሼ ይግዛው ስልክ ደወሉልኝ። «ያ ሰውዬ ቤቱ የት ነው?»

ሻርሆልመን ዮራን ቤት ወሰድኳቸው። ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ዮራን በሩን ሲከፍት ልተረጉም አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። በተሰባበረችው ስዊድንኛቸው ራሳቸው ተናገሩት።

«ባለፈው ያልኩህ ‹አይሆንም› አንድ ስቲቨር አያወጣም። ልጄን ልጅህ ያግባት። ይኸው ቤትህ ድረስ መጥቼ ሰጠሁህ።»

እኚህ ሰው አገር ቤት ታስረው በጓደኞችህ ላይ አቃጥር ሲሏቸው ቃላቸውን ያልበሉ ሰው ናቸው። ዮራን ይህን አያውቅም። ግን የገባው ይመስለኛል፤ ፊቱ ቀላ፣ ካፖርታቸውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አስገባን። ሲሸኘንም እስከ ጣቢያው ድረስ እያነከሰ መጣ።

በመልስ ጉዞ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ቱነልባናው ውስጥ ደስ ብሎኝ መቀለድ ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ከሌላ እሑድ ምልልስ አዳኑን እኮ» አልኳቸው። አልሳቁም።

«ባሕሩ፣ ሽማግሌ ሦስቴ የሚመላለሰው ለወግ ብቻ ይመስልሃል?»

«አይደለም እንዴ?»

«እኔም እስከዛሬ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «አባት ልጁን በአንድ ቀን መስጠት ስለማይችል ነው ለካ። መጀመሪያ አይሆንም ይላል፤ የእውነቱን ነው። ሁለተኛ ሲመጡ ዝም ይላል። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ለምዶታል።» መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ ግን ዛሬ፣ ሳልለምደው ሰጠኋት።»