ጭራው እስኪመጣ

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜን አይወዳትም። ሌላውን ቀን ከሚስቱ ጋር እየተነታረኩም እየተሳሳቁም ያሳልፉታል። ቅዳሜ ግን እሷ በማለዳ ቦርሳዋን አንግታ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ከእግር ተጓዦቹ ጋር ወደ ጫካ ትሄዳለች። "ፊሽካው ለምንድን ነው?" ብሎ አንዴ ቢጠይቃት "ለባል ማስፈራሪያ" ብላው ወጣች። እሱ ከሬዲዮው ጋር ይቀራል። በዚያ በጋ ከሬዲዮው ጋር መከራከር መጀመሩን ራሱም ታዝቦታል። ማታ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ ስትመለስ፣ ከተጓዦቹ አንዱ የሆነው ዳቦ ጋጋሪ ምን እንዳለና ማን ጅረት ውስጥ እንደገባ እያወራች ትስቃለች። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ያላየው ነገር ነውና ሳቁ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግየት ይላል።

አንድ ማታ ሳህን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር "እኔም ልምጣ እንዴ?" አላት።

"አንተ? ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ በመኪና የምትሄደው ሰውዬ?"

"እግር አለኝ አይደል እንዴ!"

"እግርማ አለህ። ሠላሳ ዓመት ፍሬን ስትረግጥበት የኖርከው።"

ተሳሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዱን ባር ባር ያሰኘው ነበር።

የተጓዦቹ መሪ ነርስ ናት፤ ትልቁም ትንሹም ሲስተር ይላታል። ጫካው አፍ ላይ ሁሉም ጫማውን ሲያጠብቅ ሾፌሩን ለብቻው ጠራችው።

"ጋሼ፣ አዲስ ሰው አንድ ቀን ይሞከራል። ሰው ካስጠበቀ ወይም ከጠፋ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። ቅር እንዳይልዎ፤ አንዴ ሰው ጠፍቶብን እስኪመሽ ስንፈልግ ውለናል።"

"ምን ቆርጦኝ እጠፋለሁ!"

"ሕጋችን አንድ ነው። እኔ ከፊት እመራለሁ። መገንጠያ ስንደርስ ከኋላዬ ያለው ሰው እዚያው ቆሞ ለሚመጣው ሁሉ መንገዱን ያሳያል። ጭራው ሳይደርስ ወይ ፍንክች!"

"ጭራው ማለት?"

"የመጨረሻው ተጓዥ። ከእሱ ኋላ ማንም የለም።"

ጭራው ማን እንደሆነ ግን መንገር ትዝ አላላትም። ደግሞስ ማን የማያውቅ አለ! ከዓመት ዓመት የተጓዦቹ ጭራ የሾፌሩ ሚስት ነበረች። ፊሽካውም የጭራው ፊሽካ ነው።

መንገዱ ጥላ ለጥላ ይሄዳል። ከላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዛፎቹ ሥር ግን ቀዝቀዝ ያለ የቅጠል ሽታ ነበር። ያን ያህል ዛፍ ሲያይ የኖረው በመኪና መስታወት፣ እያለፈው ነበር። አሁን ቆም ብሎ ግንዱን ቢዳብሰው ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋበት የለም። ሚስቱ ከጎኑ አልለየችም። "ሥሩን ዝለለው፣ ውሃ ጠጣ፣ ኮፍያህን አድርግ" እያለች መድረሻ አሳጣችው። ደስታዋ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ያን ቀን ነገር ዓለሙን ረስታ ነበር።

መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ሲስተር "ጋሼ፣ እዚህ ይቁሙልን" አለች። ሚስቱም ልትቆም ዳዳት።

"ሂጂ እባክሽ፤ ሕፃን መሰልኩሽ?" አላት። እየሳቀች ከሲስተር ጋር ወሬዋን ቀጠለች።

ሾፌሩ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ተጓዦቹን አንድ በአንድ አሳለፈ። ሁሉም ካለፉ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ፖም እየገመጠ ብቅ አለ።

"ጭራው አንተ ነህ?"

"እኔማ አይደለሁም፤ ጭራው ከኋላ ነው። አበባ ስታይ ትቆያለች፣ አይዞዎት ትመጣለች" ብሎት አለፈ።

ሾፌሩ ጠበቀ። ጥላው ከእግሩ ሥር ሸሽቶ ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ውሻ የያዙ ባልና ሚስት መጡ፤ መንገድ አሳይቶ ሸኛቸው። ጭራው ግን የለም። ጉልበቱ ተማረረ፤ ሆዱም አጉረመረመ። ከታች፣ ከጅረቱ በኩል፣ የምሳ ሳቅ ይሰማዋል። ቢሄድ ያለቻቸውን አንዲት ሕግ አፈረሰ። ቢቆይ ደግሞ ሰው አስጠብቀሃል፣ ጠፍተሃል ሊሉት ነው። ሁለቱም መንገድ ወደ ሬዲዮው የሚመልሱት መሰለው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፈገግ አለ፤ ዕድሜ ልኩን ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ እሱን ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬ ተራው የእሱ ነው። ያቺ ኋላ የቀረች ምስኪን እግሯን ተጎድታ ቢሆንስ? መጥታ ሰው ብታጣስ? ኮፍያውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ድንገት ፊሽካ ጫካውን አናወጠው። ሚስቱ ነበረች። ፀጉሯ ተበትኖ፣ ግማሽ የተላጠ እንቁላል በእጇ ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና ከታች ስትሮጥ መጣች።

"ምን ሆነህ ነው አንተ! ምሳህን ልሰጥህ ዞር ብል የለህም!"

"ጭራዋን እየጠበቅኩ ነዋ። እስካሁን አልመጣችም። አንድ ነገር ሳትሆን አትቀርም፣ ለሲስተር ንገሪያት።"

ሚስቱ ፊሽካውን አየችው፤ እሱን አየችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ጭራዋ እኮ እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ታዲያ ከፊቴ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሳቋን ዋጠችው። "አንተ መጣህልኝ" አለች። "ደስ ብሎኝ ረሳሁት። ስንት ዓመት ከኋላ ብቻዬን ስሄድ፣ ይሄን አብሮኝ ቢያይ ስል ኖሬ… ረሳሁት በቃ።"

ሾፌሩ እንቁላሉን ከእጇ ተቀብሎ ለሁለት ገመሰው።

ጅረቱ ጋ ደርሰው ሚስቱ የሆነውን ስትናገር ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሾፌሩ ግን ልቡ ተንጠልጥላለች። "ሲስተር፣ ሰው አስጠበቅኩ" አለ።

"ዛሬ የጠፉት ጭራችን ናቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም" አለች ሲስተር፣ ሳቋን እየታገለች። "እርስዎማ ካቆምንዎት ቦታ ተገኙ።"

"እንግዲያው ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚሞከሩት ሚስትዮዋ ናቸው!" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሚስቱ ፊሽካውን ከአንገቷ አውጥታ ባሏ አንገት ላይ አጠለቀችው። ማንም አልተቃወመም።

ሲመለሱ ሁለቱ ሆን ብለው ኋላ ቀሩ። አሁን ኮፍያዋን የሚያስተካክልላት እሱ ሆነ። መገንጠያው ጋ ዳቦ ጋጋሪው ተራው ደርሶት ቆሟል። ከሩቅ ሲያያቸው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤

"ጭራው ማነው?"

ሾፌሩ የሚስቱን እጅ ያዘ።

"እኛ ነን! ከኋላችን ማንም የለም!"