በዝርዝሩ ያልነበረው ቱቦ

ሰው በገዛ ታናሽ እህቱ ይቀናል ወይ? ይቀናል እንጂ! እታለም ቀንታ ነበር፤ ያውም ቆሽቷ እስኪያርር።

እታለም የሚላት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ነው። በሦስተኛው ፎቅ ከኃላፊው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ለውሃ መንገዱን ማስተካከል። ከሳተላይት የመጣው የመሬት ከፍታ ኮምፒውተሯ ላይ ይዘረጋል፤ መሬቱ በትንንሽ ካሬ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ካሬ ቁመቱ በቁጥር ተጽፎበታል። እሷ ታጸዳዋለች። ሳተላይቱ የዛፍ ጫፍ አይቶ መሬት ነው ያለውን ታወርዳለች፣ በስህተት የጎደጎደውን ትደፍናለች። ይኼ ካልተደረገ ፕሮግራሙ ዝናቡን ሲለቅበት ውሃው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ወንዙ ጋ አይደርስም።

ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ ሚጣ መጣች። ሠላሳ ሞልቷት እንኳ ሚጣ ነው የምትባለው። ወደዚህ ሥራ ማን አስገባት? እታለም። ወንበር ስባ አጠገቧ ቁጭ እያለች ማን አስተማራት? እታለም። እና ውለታዋ ምን ሆነ? እታለም ሳምንት የምትደክምበትን ሚጣ በቀን ተኩል ጨርሳ "ሌላ አለ?" ማለት ጀመረች። ኃላፊውም አንድ ነገር በቸገረው ቁጥር በእታለም ጠረጴዛ በኩል እያለፈ፣ እሷን እያየ፣ "ሚጣ የት ሄደች?" ይላል። እንዲያው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች!

ይባስ ብሎ የታችኛው ሰፈር ሥራ ለሚጣ ተሰጠ። አምና ክረምት እዚያ ሰፈር ጎርፍ ገብቶ ነበር። እናታቸው የሚኖሩት እዚያው ነው፤ የተኙበት ፍራሽ ከነብርድ ልብሱ ርሶ ልጆቻቸው ተሸክመው ነበር ያወጧቸው። ዘንድሮ ቦይ ሊቆፈር ነው። በየት በኩል እንደሚቆፈር የሚወስነው ደግሞ ሐሙስ የሚቀርበው ካርታ ነው። "የእናቴን ቤት ለእኔ አትሰጡኝም?" የሚለው አፏ ድረስ መጥቶ እታለም መለሰችው።

ሰኞ ሚጣ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ እታለም ዞር ዞር ብላ አየችና የእህቷን ስክሪን አጮልቃ ተመለከተች። እሰይ! ሚጣ ተሳስታለች።

ስህተቱ እንዲህ ነው። ከሰፈሩ በላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ አለ። ከመንገዱ ሥር ቱቦ አለ፤ የተራራው ውሃ በዚያ ያልፍና እናታቸው ደጃፍ ላይ ይወጣል። ሳተላይት ግን ከላይ ነው የሚያየው፣ ቱቦ ከየት ያያል? ፕሮግራሙ መንገዱን ግድብ አደረገው፤ ከኋላው ያለውን ስርጉድ መሬት እስከ አፉ ደፈነና ውሃውን ወደ ገበያው አዞረው። ሰማያዊው መስመር የእናታቸውን ሰፈር ሳይነካ አለፈ። በካርታው ላይ መንገዱን በጥሶ ውሃውን ማሳለፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እታለም ድሮ በእግሯ እየዞረች የከተማውን ቱቦ ሁሉ የመዘገበችበት ዝርዝር አለ፤ መሥሪያ ቤቱ መንገድ የሚበጥሰው በዚያ ዝርዝር ነው። "ቅልጥፍና ብሎ ዝም! ዝርዝሬን እንኳ አልከፈተችውም" አለች በሆዷ። ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣች ያህል አንጀቷ ራሰ።

አልነገረቻትም። እናቷን ጎርፍ እንዲወስዳቸው ፈልጋ አይደለም፤ ኧረ ምን ቆርጧት! ሐሙስ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት ልትናገር ነው።

ማክሰኞ ሚጣ ወንበሯን እያንከባለለች መጣች።

"እታለም፣ ከእማዬ ቤት በላይ ባለው መንገድ ሥር ውሃ ያልፋል እንዴ? መደፈኑ ደስ አላለኝም።"

እታለም ዓይኗን ከስክሪኗ አላነሳችም። "እኔ እንጃ። ትዝ አይለኝም።"

"እሺ" ብላ ሚጣ ሄደች። እታለም ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን መልሳ አልጠራቻትም።

ሐሙስ የስብሰባው ክፍል ሞላ። መሐንዲሶቹ አሉ፣ ኃላፊው አለ፣ የሰፈሩ ተወካይም ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፕሮጀክተሩ ገና እየሞቀ ነው። እታለም ግን አላስቻላትም፤ ብድግ አለች።

"ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይኼ ካርታ ስህተት ነው። ከመንገዱ ሥር ቱቦ አለ! ውሃው ወደ ገበያው አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ሰፈሩ ውስጥ ነው የሚገባው። ዝርዝሬን ከፍታ ብታይ ኖሮ ይኼ አይመጣም ነበር።"

በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ቦግ አለ። ሰማያዊው መስመር ከተራራው ወርዶ፣ መንገዱን ለሁለት በጥሶ፣ ቀጥ ብሎ እናታቸው ደጃፍ ላይ ወጥቷል።

ኃላፊው መስመሩን አየ፣ እታለምን አየ። "ያልሽው ቱቦ ይኼ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አለች ሚጣ ቀስ ብላ። "ከእታለም ዝርዝር ነው የወሰድኩት። አርባ ሰባተኛው።"

"ታዲያ እታለም የራስሽን ሥራ ነው የምትከሺው?" አለ ኃላፊው፤ ሰውም ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም ሳቁ። እታለም ግን ክው ብላ ቀረች። ዝርዝሯ አርባ ስድስት ላይ ነበር ያለቀው! ራሷ የመጨረሻውን ቁጥር ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች። የሩቁን ቱቦ ሁሉ ለቅማ ስትመዘግብ የቤቷን አልመዘገበችም፤ የሚያውቁትን ማን ይጽፋል ብላ! ወንበሯ ላይ ውሃ ሆና ተቀመጠች። ስለ ቦዩ የተባለውን አንዱንም አልሰማችም፤ በሰፈሩ በኩል እንዲቆፈር መወሰኑን ያወቀችው ተወካዩ ሊጨብጧት ሲመጡ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሚጣን ደረሰችባት።

"መቼ ጻፍሽው?"

"ማክሰኞ። ትዝ አይለኝም ስትዪኝ እማዬን ጠየቅኳት።"

"ምን አለችሽ?"

ሚጣ የእታለምን ጉልበት አየች፤ ከልጅነት ጀምሮ ጠባሳ ያለበትን። "'እህትሽ ልጅ ሆና ተቀርቅራበት አባትሽ በእግሯ ጎትቶ ያወጣት ቱቦ ነው' አለችኝ። ከምሳ በኋላ ሄጄ ለካሁት። ዝርዝሩ ያንቺ ስለሆነ በስምሽ አስገባሁት።"

"ረስቼው ነበር" አለች እታለም።

"ይረሳል" አለች ሚጣ። ፈገግ አላለችም። ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ምናለ ብትሰድበኝ! አለች እታለም በሆዷ። ምናለ "ውሸታም" ብላ ብትጮህብኝ! በፍጥነት በለጠችኝ፣ እሺ። ኃላፊውን ወሰደችብኝ፣ እሺ። ደግሞ በደግነትም ልትበልጠኝ?

ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ዝርዝሩን ከፈተች። አርባ ሰባት፦ ከመንገዱ ሥር፣ ስፋቱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር። መዝጋቢ በሚለው ሥር የራሷ ስም ተቀምጧል። አጠፋችውና የእህቷን ጻፈች። ይኼን ያደረገችው በጸጸት ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጸጸቱ አለ፣ የገፋት ግን ያው ቅናቷ ነው። ከዚያ ተነሥታ፣ ሐሳቧን እንዳትቀይር እየተጣደፈች፣ የኃላፊውን በር አንኳኳች።

"ማክሰኞ ሚጣ ስለ ቱቦው ጠይቃኝ ነበር" አለች ገና በሩ ሳይዘጋ። "እያወቅኩ ነው አላውቅም ያልኳት።"