ርካሹ ሽጉጥ

«ርካሽ ሽጉጥ ከምትይዝ ዱላ ብትይዝ ይሻልሃል፤» አሉ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «ዱላ ቢያንስ ዱላ መሆኑን ታውቃለህ።»

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ የማይመሳሰሉ ወንበሮች የሳሎኑን ግድግዳ ታከው ተደርድረዋል። ከወንበሮቹ በላይ አራት የግድግዳ ሰዓቶች ይሄዳሉ፤ ሟቹ ሰዓት ሠሪ ስለነበር አራቱም በሰከንድ አይለያዩም። በመጀመሪያው ቀን እንግዳው ሁሉ ስለ ሟቹ ደግነት አወራ። ደግነት ግን ቶሎ የሚያልቅ ወሬ ነው። በሁለተኛው ቀን ወሬው ወደ ሽጉጡ ዞረ።

የሆነውን የማያውቅ አልነበረም። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ሰዓት የሚያሠሩ መስለው ሱቁ ገቡ። ሰዓት ሠሪው ከመሳቢያው ሽጉጥ አውጥቶ ደገነባቸው። ሽጉጡ አልተኮሰም። አንደኛው በያዘው ብረት ጭንቅላቱን መታው፤ ሌላኛው መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ሰዓቶች ከረጢት ውስጥ ገልብጦ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ሆስፒታል ደርሶ ብዙም አልቆየም።

ሁሉንም ከመንገዱ ማዶ ያየው ጫማ ሰፊው ነው። እሱም ታሪኩን በየቀኑ ያሳድገዋል። ለፖሊስ ሲናገር ሟቹ ሽጉጡን ደግኖ ቆሞ ነበር። በቀብሩ ዕለት ሲያወራ ግን ሟቹ ቃታውን ሳበና ሽጉጡ «ቀጭ» ብሎ ቀረ። ዛሬ ሦስት ጊዜ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ብሏል።

የሟቹ ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ ስትዞር ይህን ልብ ብላለች። ሥራዋም ልብ ማለት ነው። በጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ውስጥ የሞተር ብስክሌት ሄልሜቶችን በብረት እየመታች በስንተኛው እንደሚሰነጠቁ ትመዘግባለች። ጫማ ሰፊውን በአራተኛው ቀን ብትጠይቀው አባቷ ሁለቱን ሳያቆስል አይቀርም ብላ አሰበች።

ሃምሳ አለቃው ቀጠሉ። ርካሽ ሽጉጥ ሞላው ቶሎ ይላላል አሉ፤ ጥይት መሀል ላይ ነክሶ ያስቀራል፤ ወድቆ መሬት ሲነካ ሳይፈልጉት ይተኩሳል፤ ሲፈልጉት ደግሞ ይተኛል። የሰፈሩ ፋርማሲስት አልተስማማም። የሚስቱ ወንድም ከሁሉ የረከሰውን ገዝቶ ይኸው አሥር ዓመቱ፣ አንድም ቀን አላስቸገረውም።

«ስንት ጊዜ ተኩሶበታል?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ኧረ አንድም ቀን ተኩሶ አያውቅ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ የት እንደተቀመጡ ትዝ ብሏቸው ወደ መሬት አዩ። ፋርማሲስቱ ወሬውን ለማዳን ወደ ልጅቱ ዞረ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ እስቲ ፍረጂን፣ ርካሽ መሣሪያ መግዛት ያዋጣል ወይ አላት። እሷም ሳታስበው እንደ ሥራ ቦታዋ መለሰች። ዋጋው ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከምን ላይ ተቆጥቦ እንደረከሰ ማወቅ ነው፤ ከቀለሙ ከሆነ ችግር የለም፣ ከብረቱ ከሆነ አለቀልህ።

ይህን ተናግራ ስትጨርስ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው አየች። የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር፤ ትከሻው ከወንበሩ የሚተርፍ። አንገቱን ደፍቶ የጫማዎቹን ክምር ያያል። ሽጉጡን የገዛው እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ከሰዓት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ወርቅ ቤት ሲዘረፍ፣ የወንድሜን ነገር እኔ ላስብበት ብሎ ፈቃዱን አስጨርሶ፣ ሰው ከሚገዛበት በግማሽ ዋጋ አገኘሁ እያለ በኩራት ይዞት መጣ። የዚያን ቀን ሁሉም መርቆት ነበር።

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ ዓይኑን አላየችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው በሞላበት፣ «በግማሽ ዋጋ ወንድሙን ቀበረ» ብላ ለግድግዳው ተናገረች። ከዚያ በኋላ የምግብ ትሪ በሱ በኩል ሲያልፍ እሱም እጁን አይዘረጋም፣ ሌላውም ብላ አይለውም። የሚያድረው መኪናው ጋቢና ውስጥ ነው። በወትሮው እሑድ እሑድ ምሳውን እዚህ ቤት የሚበላ፣ ከማንም በላይ የሚጮህ፣ የልጅቱን ሴት ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ጣሪያ የሚያስነካ ሰው ነበር።

ብርጭቆ ልትቀበለው ስትጠጋ፣ «ነገ ሦስተኛው ካለቀ እሄዳለሁ፤» አላት በቀስታ። «የሩቅ መስመር ጠይቄያለሁ። ከእንግዲህ በዚህ በር አልገባም።»

«ጋሼ፣ እንዲህ አይባልም።»

«እናትሽ እውነቷን ነው።»

እሷ ማባበል አትችልበትም። ብርጭቆውን ይዛ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ጠሯት። መርማሪው ሽበት የጀመረው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ የሚያስተካክል ሰው ነው። የመሣሪያ ምርመራው ደርሷል ብሎ አንድ ገጽ ሰጣት። እሷ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን በየቀኑ ስለምትጽፍ በቀጥታ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደች፤ ከዚያ ተመልሳ ከላይ አነበበችው።

ሽጉጡ ርካሽ ነው ይላል ወረቀቱ በራሱ ቋንቋ፤ አሠራሩ ሻካራ፣ ቀለሙ የተላጠ። ብረቱ ግን ጤነኛ ነው፣ ሞላውም ጥሩ ነው፣ ጥይቱም ደህና ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥይቱን ከኋላው የሚወጋው መምቻ መርፌ።

«ተሰብሮ ነው?»

«ቢሰበር ስባሪው እዚያው ይገኝ ነበር። ተፈትቶ ነው የወጣው።» መርማሪው ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ አስተካከለ። «የኛ ባለሙያ ሲያየው፣ ይህን የፈታ ሰው እጁ ይባረክ ነው ያለው። አንድ ጭረት አልተወም። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ያውቃሉ?»

«ቀብረነዋል፤» አለች።

ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው። መንገድ ላይ ትዝ ያላት ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ልጇ ሚጢጢ ሦስት ዓመት ሲሞላት አካባቢ። ልጇን ሚጢጢ ያላት አባቷ ነው። አንድ ቀን ሚጢጢን ልትወስድ ወደ ሰዓት ቤቱ ስትገባ አባቷ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል። ሚጢጢ ከሥራ ጠረጴዛው ስር ተቀምጣ፣ አያቷ በማጉያ መነጽሩ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላኛው የሽጉጡን አፈሙዝ ውስጡን እያየች ነበር። መሳቢያው ክፍት ነው።

ሽጉጡን እንዴት እንደተቀበለቻት አታስታውስም። ከዚያ በኋላ ያለችውን ግን ቃል በቃል ታስታውሳለች። በደንበኛው ፊት ጮኸችበት። ይሄ ብረት ከዚህ እስኪጠፋ ልጄን አታያትም አለችው። አባቷ ጸጥ ያለ ሰው ነበር፤ ሲደነግጥ ደግሞ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ወረንጦውን አንስቶ ምንም የሌለበትን ሳህን መነካካት ጀመረ። ሦስት ሳምንት አልሄደችም። በሦስተኛው ሳምንት ደወለ። «ተስተካክሏል፤ አምጪያት።» ስትሄድ መሳቢያው ላይ አዲስ ቁልፍ ተገጥሟል። ነገሩ ይኸው ነው ብላ ልጇን ትታለት ሄደች። እሱም ሌላ አልጨመረም።

አሁን ለሁለት ነገሮች መልስ ነበራት። ሽጉጡ ያልተኮሰው ስለረከሰ አይደለም። በእጥፍ ዋጋ የተገዛ ቢሆንም አባቷ መርፌውን ያወጣው ነበር፤ ምናልባት ከዚህኛው የበለጠ ሥራ ይፈጅበት ይሆናል እንጂ። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ከጋሼ ትከሻ ላይ የሚወርደው ጥፋት የት እንደሚያርፍ ነው። እሷ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ሰው ከነገራት ሚጢጢም ላይ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። የምርመራው ወረቀት ያለው እሷ ጋ ነው፣ ጋሼም ሩቅ መስመር ጠይቋል። እራት ሲቀርብ አልተናገረችም። ሰው ሲሄድም አልተናገረችም። በራሷ ተናደደች፤ የምትናደደው ደግሞ ነገር ሲንዛዛ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰዓት ቤቱን ከፍታ ገባች። አባቷ ማንኛውንም የፈታውን ነገር አይጥልም ነበር። እያንዳንዱን ብሎን፣ እያንዳንዱን የማርሽ ጥርስ በትንሽ ፖስታ ከቶ፣ በላዩ አምስት መስመር አስምሮ ይሞላል፦ ባለቤት፣ ዕቃ፣ ብልሽት፣ የሚመለስበት ቀን፣ የተረካቢ ፊርማ። ፊርማ ሳይቀበል ለወንድሙም አይሰጥም። እሷ ሰባት ዓመቷ ሳለ የወለቀ የወተት ጥርሷን ፖስታ ውስጥ ከቶ፣ ብልሽት በሚለው ላይ «ጊዜው ደርሶ» ብሎ ጽፎላት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የእጅ ሰዓት ሲሰጣትም አስፈርሟት ነው።

ሁለት ሳጥን ፖስታ ነበር። ሌቦቹ አልነኳቸውም። የፈለገችውን ለማግኘት ብዙም አልቆየችም፤ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው።

ቤት ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። እንግዳው ቀንሷል፤ ሃምሳ አለቃው፣ ፋርማሲስቱና ሁለት ጎረቤቶች ቀርተዋል። እናቷ ሶፋው ጥግ ላይ ናት። አጎቷ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከጫማዎቹ ክምር ውስጥ የራሱን እየፈለገ ነው። ማንም ተቀመጥ አላለውም።

«ጋሼ፣ ጫማህን ተውና ይሄን አንብብ፤» አለች።

«ምንድን ነው?»

«አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ፖስታው በሰፊው መዳፉ ላይ ቴምብር መሰለ። ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ጽሑፉን ከዓይኑ አርቆ፣ እየተንተባተበ አነበበ።

«ባለቤት፣ ሚጢጢ። ዕቃ፣ የሽጉጥ መርፌ፣ አንድ። ብልሽት፣ የለውም።» ቆመ። «የሚመለስበት ቀን፣ ስታድግ እናያለን።»

ከዚያ በታች ያለው የተረካቢ ፊርማ መስመር ባዶ ነው። ሃምሳ አለቃው አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቱ በእጇ አቆመቻቸው። የተናገረችው አጭር ነው። ሽጉጡ ደህና ነበር አለች፤ ፖሊስ መርምሮታል። አባቴ ራሱ ነው መርፌውን ያወጣው፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እኔ ልጄን አላመጣም ብዬ ስለጮኽኩበት። ጋሼ የገዛው ዕቃ ምንም ጉድለት አልነበረውም።

«እና ሰኞ ዕለት፣» አለ አጎቷ፣ «ባዶ ብረት መሆኑን እያወቀ ነው ያወጣው?»

«እያወቀ።»

«ለምን?»

«ደንግጦ ይሆናል፤ ይሸሻሉ ብሎም ይሆናል። እሱን ወረቀቱ አይልም።»

ፋርማሲስቱ ወለሉን፣ ሃምሳ አለቃው ጣሪያውን አዩ። ስለ ርካሽ መሣሪያ የሚጨምረው ነገር ያለው ሰው አልነበረም። አጎቷ ፖስታውን ደጋግሞ ያገላብጣል፤ ከጀርባው ሌላ ነገር የተጻፈበት ይመስል። ልጅቱ እናቷን አላየችም። ከዚያ በኩል የሚመጣውን ቆማ ጠበቀች።

እናቷ ስትናገር ፊቷን ወደ ጎረቤቶቹ አዞረች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ቁጡ ነው።

«ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም፤ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ? ሳህን አምጡለት እንጂ።»

አንዷ ጎረቤት ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እናቷ ወደ ሶፋው ጥግ ትንሽ ተጠጋች፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች። አጎቷ አንድ እግሩ ጫማ፣ ሌላው ካልሲ ብቻ እንዳለ ሄዶ ተቀመጠ። ሳህኑ ሲመጣ ለመጉረስ ፖስታውን ማስቀመጥ ነበረበት፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ልጅቱ እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት።

እናቷ እሷንም አየቻት። የምትላትን ነገ ትላት ይሆናል።

«ሃምሳ አለቃ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ልጅቱ የወንበር መደገፊያ ላይ ፖስታውን አስደግፋ፣ ባዶው መስመር ላይ ፈረመች፤ አባቷ እንደሚፈልገው፣ ከመስመሩ ሳትወጣ።