አባባ ያረፉበት

ባለመስታወቱ ስለ መስታወት ከሆነ አፉን ሞልቶ ይናገራል። መስኮት ሊያሠራ የመጣን ሰው አስቁሞ፣ መስታወት ከፍሬሙ ትንሽ ማነስ እንዳለበት፣ ልክ በልክ ከሆነ ሙቀት ሲመጣ እንደሚሰነጠቅ፣ መስታወቱን ከፍሬሙ የሚያጣብቀው ስቱኮ ሳይደርቅ የሚነካካ ሰው እጁ ቢታሰር እንደሚሻል ሲያስረዳ ያመሻል። ከዚያ በተረፈ ወሬ አይሆንለትም። በተለይ ክፉ ወሬ። ክፉ ወሬ የመጣ እንደሆነ ያለሰልሰዋል፣ ያሽሞነሙነዋል፣ ሰሚው ይዘን ይደሰት ግራ እስኪገባው ድረስ አሳምሮ ያቀርበዋል። አንዴ ከሥራ የተባረረ ጎረቤታቸውን «ሰውዬው እኮ ጊዜ አገኘ» ብሎ ለሚስቱ ቢነግራት፣ እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ሄዳ አፍራ ተመልሳለች።

አባቱ የሞቱ ጊዜም ያው አመሉ ነው ጉድ የሠራው። ሽማግሌው እዚያው ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር የሚኖሩት። ሲሞቱ ትንሿ የልጅ ልጃቸው አክስቷ ዘንድ ነበረች። ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ ባዶውን አገኘችውና «አባባስ?» አለች። አባቷ ፊት ለፊቷ በርከክ ብሎ፣ «አባባማ አረፉ። በጣም ደክሟቸው ነበር እኮ» አላት።

አልዋሸም፤ አዋቂ ለአዋቂ የሚለውን ነው ያላት። እሷ ግን ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነው። የምታውቀው ማረፍ፣ አባቷ ከሱቅ መጥቶ ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ የሚዘረረውን ነው። አባባ እንግዲህ የሆነ ቦታ ሄደው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ደክሟቸው ከነበረ ደግሞ ይገባቸዋል። በቤቱ «ጥያቄ» እየተባለች የምትጠራ ልጅ፣ ያን ቀን አንድም ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቀችም። ታላቅ ወንድሟ ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ለእሱም ቢሆን ግን ከዚያች ቃል የዘለለ የነገረው የለም። እናትየው በግልጽ እንንገራቸው ብላ ነበር። ባልየው ዛሬ ነገ ሲል ከረመና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሞት የሚለው ቃል ከማንም አፍ ወጥቶ አያውቅም። ቃሉን ሲሸሹ የሽማግሌውንም ስም ሸሹ፤ የሽማግሌውን ስም ሲሸሹ ሳቁም ቀነሰ። እራት ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ባለመስታወቱ ይህን እያየ ሆዱ ይባባ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር በወሬ ይስተካከላል ብሎ አያምንም። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቤተሰቡን ይዞ ሐይቅ ዳር ሊሄድ ቆረጠ። ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ የድሮው ሳቅ ይመለሳል፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

«ዘንድሮ ሁላችንም እናርፋለን» አለ እራት ላይ። «ማረፊያ ቤት እያፈላለግኩ ነው።»

ሚስቱ፣ «ምን አጥፍተን?» አለችው። እስር ቤቱ መሆኑ ነው። ልጁ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፤ ገና ሳይሄዱ ነገሩ የሠራለት መሰለው። ተነሥቶ ከዕቃ ማስቀመጫው አንድ ቁራጭ መስታወት አመጣ። ይህ ሰው ወረቀት ላይ ማሰብ አይችልም፤ የሚያስበውን በማርከር መስታወት ላይ ይጽፍና ሲቀየርበት በጨርቅ ይጠርገዋል። መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የሁሉንም ፍላጎት ጠየቀ። ልጁ መዋኘት አለ። ሚስቱ፣ ምግብ የምታበስለው እሷ ካልሆነች ሌላው እንደፈለገ ይሁን አለች።

ትንሿ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና፣ «ደረጃ የሌለው» አለች።

«ለምን የኔ እመቤት?»

«ጉልበት ያማላ።»

አባትየው ጻፈ። በማግስቱ ደግሞ ወንበሩ የእጅ መደገፊያ ያለው ይሁን አለች፣ ሲነሱ እንዲይዙት። በሌላው ቀን መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ ይሁን አለች። ራዲዮም ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ ሲመካከሩ «አምስት» አለች፤ እነሱ አራት ናቸው። አሻንጉሊቷን ቆጥራ ይሆናል ብሎ አባትየው በልቡ ሳቀ። ሰው ላለማየት ከወሰነ እንዲህ ነው፤ የገዛ አባቱ ጉልበት፣ የገዛ አባቱ ወንበርና ራዲዮ በገዛ እጁ ጽሕፈት ግድግዳ ላይ ተደርድረው ቆመው፣ እሱ የሚያየው የልጁን ብልህነት ነው።

ለአከራዩ ደውሎ ስለ ደረጃ ብዙ ተጨቃጨቀ። ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ሐይቁን ያሳያል ቢለው እምቢ ብሎ ምድር ቤቱን ያዘ። ለደንበኞቹም፣ ልጄ አሳቢ ናት፣ ለእናቷ ጉልበት ትጨነቃለች እያለ አወራ። የእናቷ ጉልበት ምንም አልሆነም።

ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው አስተማሪዋ ጠራችው። ወጣት ናት፤ ወንበር ሰጥታው ስታበቃ እሷ ቆማ ቀረች። በሩን ዘጋችው፣ መልሳ ደግሞ ገርበብ አደረገችው።

«እንደው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቤት ሰላም ነው?»

ሰላም ነው አለ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ በእረፍት የት እንደሚሄዱ እየተነሡ ሲናገሩ፣ የእሱ ልጅ ብድግ ብላ ያለችውን አስተማሪዋ ቃል በቃል ነገረችው። እኛ ሁላችንም ልናርፍ ነው። አባባም እዚያ ነው ያረፉት። እናቴ ገና አልደከማትም፣ ግን እሷም ታርፋለች። አባዬ ቀኑን ቆርጧል።

መጀመሪያ ሳቀ። ከት ብሎ ሳቀ። አስተማሪዋ አልሳቀችም፤ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ጠጋ አለች። እሱ የሳቁ ግማሽ ላይ ሳለ ነው «አረፉ» የምትለው ያቺ አንዲት ቃል የደረሰችው፤ ከእሷ ጋር ደግሞ ደረጃው፣ ወንበሩ፣ ፀሐዩ፣ አምስተኛው አልጋ። አፈረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጅቷ እየጠበቀች ነበር።

ሱቅ ተመልሶ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ሊቆርጥ ተነሣና ተወው። መቁረጫውን አስቀምጦ መውጫ ቀዳዳ መፈለግ ጀመረ። ጉዞውን ቢሰርዝስ? አባባ ከዚያ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄደዋል ቢላትስ? ማታ ሚስቱን አማከራት። ሰምታ ሰምታ ስታበቃ፣ «አንተ ነህ ያልካት፤ አንተው ንገራት» አለችው። «ደግሞ እንዳታሽሞነሙነው።»

መንገሩን እስከ መጨረሻው ቀን ጎተተው። በነጋታው ሊጓዙ ነው፤ ረፋዱ ላይ ልጅቷን የአባባ ክፍል ውስጥ አገኛት። የሽማግሌውን ሹራብ ከመሳቢያ አውጥታ በትንሿ ቦርሳዋ ልታስገባ ትታገላለች። ሐይቅ ዳር ብርድ አለ ስትለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እዚያ አባባን አናገኛቸውም» አለ።

«አርፈው ጨረሱ?»

የለመዳቸው ቃላት ተሰልፈው መጡለት። ሄደዋል ቢላት፣ መቼ ይመጣሉ ትለዋለች። ተለይተውናል ቢላት፣ ማን አስቀየማቸው። አንቀላፍተዋል ቢላት እንቀስቅሳቸው ልትል ነው። አሳማሪው ቃል ሁሉ ከኋላው በር አለው፤ እሷ ደግሞ በር ሳትከፍት የምታልፍ ልጅ አይደለችም።

«አባባ ሞተዋል» አለ።

ቃሉን ታውቀዋለች። ሱቁ ደጃፍ፣ ክፍት መስሏት ከመስታወቱ ጋር የተላተመችውን ወፍ አይታ፣ እጇ ላይ አስቀምጣ ትነሣለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተነሣችም።

«እንደ ወፏ?»

«እንደ ወፏ።»

ሹራቡን ከቦርሳው አወጣችው። ጉልበቷ ላይ አድርጋ እጅጌውን ስታስተካክል ቆየች። ሐይቁስ አለች፤ እንሄዳለን አላት። ከዚያ ቀና ብላ ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያኔውኑ?»

«አዎ። ያኔውኑ።»

ዋሸኸኝ እስክትለው ጠበቀ፤ መልሱንም አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ትንሽ እጇን ጉንጩ ላይ አሳረፈች።

«ብቻህን?» አለችው።

አይደለም፣ እናትሽም ወንድምሽም ያውቃሉ ሊል ነበር። ግን ተወው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አባቱ ሲሞቱ ያላለቀሰው ሰው፣ ሰው ሲያስተዛዝን፣ ወረቀት ሲያስጨርስ፣ አልጋ ሲያነጥፍ የከረመው ሰው፣ ልጁ ፊት ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች። ሲበቃት በሹራቡ እጅጌ መጀመሪያ የእሱን ፊት፣ ቀጥላ የራሷን ጠረገችና ተነሥታ ወጣች።

እናቷ ወጥ ቤት ለመንገድ የሚሆን ድንች ትልጣለች። ልጅቷ ቢላውን ከእጇ ተቀብላ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፤ እጅሽን እንዳትቆርጪ አለቻት። በርጩማውንም ሳበችላት።

«እማዬ ቁጭ በይ። አባባ ሞተዋል። አባዬ ብቻውን ይዞት ነበር።»

እናትየው ልትናገር ስትል በልጅቷ ራስ ላይ አሻግራ ባሏን አየችው፤ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ እርጥብ ነው። ልትለው የነበረውን ዋጠችው። «እኔን ልጄ» ብላ አቀፈቻት፤ ባሏ ፊት ላለማልቀስ ስትጠነቀቅ ይዛው የቆየችውን ሁሉ ያን ጊዜ አለቀሰችው።

ልጅቷ ገና አልጨረሰችም። እናቷ እቅፍ ውስጥ ትንሽ ቆይታ ተላቀቀችና ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደች። የወንድሟን በር በርግዳ እንጂ አንኳኩታ ገብታ አታውቅም፤ ያን ቀን አንኳኳች። ልጁ የመዋኛ ልብሱን በቦርሳ እየከተተ ነበር። በሩን ሳትለቅ፣ ቀስ ብላ፣ ለእናቷ እንደነገረችው ነገረችው። ታናሽ እህቱ ምንም ብትነግረው «አውቃለሁ» የሚል ልጅ ነው፤ አሁንም ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል በቀጥታ የነገረው ሰው አልነበረምና፣ ለቅሶው ቀደመው።