ፍራንክሊ፣ ኦነስትሊ፣ ካንዲድሊ እና ወይዘሮ አስካለ

፩

«ፍራንክሊ ስፒኪንግ…» አለ አባዬ። ከዚያ ሽሮውን አየና መብላቱን ቀጠለ።

፪

እኔ ስንዱ ነኝ፤ ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። አባቴ መምህር እንግዳወርቅ ይባላል፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንግሊዝኛ አስተምሯል። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን።

አባዬ ነገር ሲከብደው ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። «ፍራንክሊ» ካለ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር የለም። «ኦነስትሊ» ካለ ግማሹ ይመጣል። «ካንዲድሊ» ካለ ተነስቶ ከቤት ይወጣል።

፫

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእድራችን አዳራሽ። አባዬ ለጎልማሶች በነጻ ያስተምራል። እኔ የረሳውን መነጽር ላደርስለት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሰሌዳው ላይ እነዚያው፣ በግልጽና በሐቅ መናገርን የሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል። ጠያቂዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ የመጋረጃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውን የቤት ሥራ ለማገዝ ብለው ነው የተመዘገቡት።)

አስካለ፦ መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።

መምህር፦ ይጠይቁ።

አስካለ፦ «ፍራንክሊ» የሚለው ሰው እውነቱን ሊናገር ነው አይደል? ታዲያ ለምን አስቀድሞ ያስታውቃል?

መምህር፦ እ… አጽንዖት ለመስጠት ነው።

አስካለ፦ እኔ ደንበኛ «እውነቱን ልንገርሽ» ብሎ ሲጀምር፣ መስኮቱን ራሴ ሄጄ ነው የምለካው።

(የክፍሉ ሳቅ።)

መምህር፦

(አባዬ ጠመኔውን እንደያዘ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።*)

* ይህን ሳቅ ከእናቴ ቀብር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። መነጽሩን በሩ አጠገብ አስቀምጬ ሳይታወቀኝ ወደ ቤት ተመለስኩ።

፬

ከዚያ ወዲያ አባዬ አርብ አርብ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረ። ጢሙን ራሱ መላጨት ትቶ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄደ። ማታ ማታ ደግሞ ከሽሮው ፊት «ፍራንክሊ ስፒኪንግ…» ይልና ያቆማል።

አንባቢዬ፣ እስቲ እዚህ ጋ ቁም። አባትህ አንድ ነገር ሊነግርህ ፈልጎ እንዳቃተው እያወቅህ ሽንኩርት ክተፍ። ምን እንደሆነም ገምተሃል። አትጠይቀው።

እኔም አልጠየቅሁትም። ከጠየቅሁት ይነግረኛል ብዬ ፈራሁ።

፭

ሐምሌ ነው፣ እሑድ ጠዋት። ሁለት ሰዎች በር አንኳኩ፤ ጎረቤታችን ሼህ ይማምና የእድሩ ዳኛ አቶ ደባልቄ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። አባዬ በመስኮት ሲያያቸው ማጠጫውን ይዞ ጎመን ሊያጠጣ ጓሮ ገባ።

ዝናብ እየዘነበ ነበር።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ደባልቄ።

ሽማግሌ መሆናቸው ገባኝ። ሠላሳን ካለፍኩ ወዲህ አክስቶቼ እንቅልፍ የላቸውም፤ እነሱ ናቸው የላኳቸው አልኩ በልቤ።

«አባዬን ልጥራላችሁ።»

«ተይው» አሉ ሼህ ይማም። «ጉዳያችን ካንቺ ጋር ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አታድክሙኝ። ለጊዜው ትዳር አላሰብኩም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሼህ ይማም።

አቶ ደባልቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የላከችን እህታችን ወይዘሮ አስካለ ናት። ወግ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እኛም ነግረናታል። አባትሽን ስጪን።»

፮

ምን?

፯

ወይዘሮ አስካለ ሽማግሌዎቹን ሲልኩ የተናገሩትን አቶ ደባልቄ ቃል በቃል ነገሩኝ፦

«መውደዱን ወዶኛል፤ ዓይን አለኝ። ግን እንግሊዝኛውን ጨርሶ አማርኛው ላይ እስኪደርስ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። ደግሞ ያቺን ልጅ ሳላስፈቅድ እናቷ ቤት አልገባም።»

የመጀመሪያውን ስሰማ ሳቄ መጣ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ጠፋ።

«አንድ ጊዜ» ብያቸው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

፰

አባዬ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ጎመን ያጠጣል።

«ሽማግሌ መጥቷል።»

«አይቻለሁ።»

«አንተን ሊጠይቁ ነው።»

«ፍራንክሊ…»

«በአማርኛ፣ አባዬ።»

«ኦነስትሊ፣ ስንድዬ…»

«አባዬ።»

ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ።



«እናትሽን አልረሳሁም።»

«ርሳ ያለህ የለም።»

«ቤት ስገባ የት ቆየህ የሚለኝ ሰው አማረኝ።»

«እኔ እልህ የለም እንዴ?»

«አንቺማ የምትጠይቂኝ የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናል ብለሽ ሰግተሽ ነው። እሷ የምትጠይቀኝ ናፍቄያት ነው።» ዓይኑን ከጎመኑ አላነሳም። «ይኸው ነው። አፈርኩ እንጂ ሌላ የደበቅሁሽ ነገር የለም።»

ፊቴን ዝናብ መታው ብዬ ልጽፍ ነበር። አለቀስኩ። ማጠጫውን አንስቼ በውስጡ የቀረውን ውሃ ደፋሁትና እጁን ያዝኩ።

፱

ደንቡ ቀጠሮ መስጠት ነው። ዘመድ ይማከራል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል። እኔም ልጁን እንደሚድር ወላጅ ኮስተር ብዬ «እስቲ ዘመድ ላማክር» ልል አፌን ከፈትኩ። ሼህ ይማምን አየሁ። በአንድ እግራቸው ተደግፈው ሌላውን ያሳርፋሉ፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን የምሰጣቸው እኔው ነኝ።

«በቃ ተቀመጡ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ሼህ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ፤ አቶ ደባልቄ «አሜን» አሉ፤ አባዬ ከላይ እስከ ታች ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሞ «አሜን» አለ። ከአጥሩ ማዶ የአንዲት ጎረቤታችን እልልታ ቀለጠ። በዚያ ዝናብ አጥር ሥር ምን ትሠራ እንደነበር አልጠየቅናትም።

፲

ሠርጉ መስከረም ላይ በእድሩ አዳራሽ ሆነ። ተማሪዎቹ በሙሉ መጡ። አባዬ እስክስታ አይችልም። ወረደ።

፲፩

ወይዘሮ አስካለ በገቡ ማግስት የእናቴን ነጠላ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አገኙት። «አቧራ እንዳይነካው ብቻ» አሉና አራግፈው እዚያው መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንዱ፣ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ? ወይዘሮ አስካለ ስትዪኝ ቀበሌ የገባሁ ይመስለኛል።»

«ላስብበት» አልኳቸው።

አሰብኩበት። እስካስብ ድረስ በምንም አልጠራቸውም ነበር። ስፈልጋቸው ያሉበት ድረስ ሄጄ እስላለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን «ጉንፋንሽ አልተሻለሽም?» ብለው ሳቁብኝ።

፲፪

አንድ ቅዳሜ ጓሮ ጎንበስ ብዬ ፀጉሬን እታጠባለሁ። ሳሙናው ዓይኔ ገባ። የውሃውን ጆግ በዳበሳ ብፈልገው አጣሁት። ያቃጥላል። ምን ብዬ እንደምጠራቸው ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

«                              !» ብዬ ተጣራሁ።

ቦታውን ለአንቺ፣ ለአንተ ትቼዋለሁ።

«ወዬ» አለችኝ።