ለጂቱ ማን ይፈርምላት?

ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ ቃል ከአንደበት ሳይወጣ የልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር የዚህን ነገር መጀመሪያውንም ፍጻሜውንም ያውቃል። እኛ የምንተርከው በእርሱ ፈቃድ በአንድ የሰኔ ወር በአምቦ ከተማ የታየውን ብቻ ነው።

በአምቦ ገበያ ጌሾ የምትነግደው ሙሉወርቅ ታናሽ እኅቷን ጂቱን አስከትላ ከአንድ የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጅ መመላለስ ከጀመረች ሰንብታለች። ጂቱ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ አትናገርምም። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ነገር ግን በልጅነታቸው ከእኅቷ ጋር ባበጁት የእጅ ምልክት የማትናገረው ነገር አልነበረም። እጃጂ ወደምትባል ከተማ ከተዳረች ወዲህ ባሏ ጋሮማ በረባው ባልረባው ይደበድባት ነበር፤ በመጨረሻም ቀኝ እጇን ሰበራት። ሌላ ሴት እጇ ቢሰበር ሥራ ትፈታለች፤ የጂቱ እጅ ሲሰበር ግን አንደበቷ አብሮ ተሰበረ። በጀሶ ታስሮ ከአንገቷ የተንጠለጠለው ክንዷ የንግግሯ እኩሌታ ነበር።

ጋሮማ ታስሮ በዋስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እየመጣ ጂቱ የተጠጋችበትን የሙሉወርቅን የኪራይ ቤት በር ስለሚደበድብ፣ አከራይዋ «ወይ እኅትሽን ወይ ቤቴን» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። መንግሥት ደግሞ ጥቃት ለደረሰባቸው አካል ጉዳተኞች በጀት መድቧል፤ መጠለያው ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሠርቶ አልጋው ተነጥፏል፤ ይህንኑ የሚያበሥር ሸራም በበሩ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ መጠለያው ካልተቀበላት የጂቱ ማደሪያ እጃጂ፣ ያው የሰበራት ሰው ቤት ነው።

«ዛሬስ ምን ጎደለ?» አለች ሙሉወርቅ ገና ሳትቀመጥ።

የክፍሉ ኃላፊ ሃዋኒ መነጽሯን አወለቀች። «እትዬ ሙሉወርቅ፣ ያለ ገለልተኛ አስተርጓሚ ቃሏን አንቀበልም ብዬሽ ነበር። ይኸው ከአዲስ አበባ አስመጣንልሽ።»

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ፉአድ የተማረና ትሑት ሰው ነው። ከጂቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጣቶቹን እንደ በገና ደርዳሪ ያርገበግብ ጀመር። ጂቱ ጣቶቹን አየች፤ እኅቷን አየች፤ ተመልሳ ጣቶቹን አየች። ከዚያም ደህናውን እጇን ወደ አፏ አስጠግታ ራሷን ዘንበል አደረገች።

«ምን አለች?» ሃዋኒ ብዕሯን አነሣች።

ፉአድ አፈረ። «እርሷ የእኔን ቋንቋ አልተማረችም፤ እኔም የእርሷን አላውቅም።»

«መንገድ አድክሞሃል፣ ሻይ ጠጥተሃል ወይ እያለችህ ነው» አለች ሙሉወርቅ።

«እንግዲያ እኅቷ ትንገረን» አለ ፉአድ።

«አይቻልም። ዘመድ ወገንተኛ ነው፤ መመሪያው አይፈቅድም» አለች ሃዋኒ።

ሙሉወርቅ ነጠላዋን አጣፋች። «ዘካርያስ ድዳ በሆነ ጊዜ ጎረቤቶቹ በእጅ ጠቅሰው ጠየቁት እንጂ አስተርጓሚ ከኢየሩሳሌም ይምጣ አላሉም!»

«ወንጌሉን እኔም አነባለሁ፣ እትዬ። በሉቃስ ላይ ግን ኦዲተር አይመጣም። ደግሞም አካል ጉዳተኛ ስለሆነች የቅርብ ቤተሰብ ሊፈርምላት ይገባል።»

«እኔስ? ጎረቤቷ ነኝ?»

«ያገባች ሴት የቅርብ ቤተሰቧ ባሏ ነው። ደውለን ጠርተነዋል።»

ሙሉወርቅ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ዋቃዮ! አምላኬ! ለመተርጎም ሲሆን ዘመድነት ነውር ሆነ፤ ለመፈረም ሲሆን የሰበራት ሰው ዘመድ ሆነ! ጅቡ ፈርሞ በጉን ያስረክብ ነው የምትይኝ?»

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ጋሮማ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሽማግሌዎች አስቀድሞ ገባ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ አያና በእጃቸው ርጥብ ሳር ይዘዋል። በዚያ አገር ርጥብ ሳር ይዞ የቆመን ለማኝ ሳይሰሙ መመለስ ታላቅ ነውር ነው፤ ሳሩን የተቀበለ ደግሞ እርቁን ተቀበለ ይባላል።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ!» ብለው ኦቦ አያና በጂቱ ላይ ጮኹ። «ባልና ሚስት መቼም ይጋጫሉ! ሳሩን ተቀበዪና ቤትሽ ግቢ!»

«ርቃ መሰለዎት እንዴ ኦቦ አያና?» አለች ሙሉወርቅ። «አትሰማም እኮ!»

ጂቱ ግን ብድግ ብላ ሳሩን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ተመስገን!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ጋሮማ ፈገግ አለ።

ጂቱ በባሏ ፊት አልፋ ሄደች። ከሃዋኒ እግር ሥር ተንበርክካ፣ ሳሩን ጀሶ ከታሰረው እጇ ጣቶች ጋር አጣምራ ወደ ላይ ዘረጋች። ከዚያ በደህናው እጇ ደረቷን ነካች፤ ጉንጯን በመዳፏ ላይ አስተኛች፤ በመስኮቱ የሚታየውን መጠለያ አመለከተች።

«አእምሮ የላትም፣ አትስሟት!» ብሎ ጋሮማ ሊጎትታት ተንደረደረ።

ኦቦ አያና ከዘራቸውን በፊቱ ጋረዱበት። «ቁም! ሳሩ አሁን በእርሷ እጅ ነው። ለማኞቹ እኛ ነበርን፤ አሁን ለማኟ እርሷ ናት። ሳር የያዘን ሰው በፊቴ አትነካም!»

ፉአድ ብዕሩን አወጣ። «ይህስ ገብቶኛል። ‹እዚህ ልደር› ነው ያለችው። እኔ ተርጉሜአለሁ፤ ጻፉት፣ እፈርምበታለሁ።»

ሃዋኒ ሳሩን አየች፤ መመሪያውን አየች፤ ደግሞ ሳሩን አየች። «የቤተሰብ ፊርማውስ? ኦዲተሩ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«አውራ ጣት አላት! ከጠየቀሽም ሳሩን አሳዪው!» አለች ሙሉወርቅ።

ጂቱ በግራ አውራ ጣቷ ፈረመች። ሽማግሌዎቹ ጋሮማን ይዘው ወጡ፤ እርሷም ወደ መጠለያው ገባች።

ሙሉወርቅ ልትሄድ ስትል ሃዋኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራቻት። «እትዬ፣ አትቆጪኝ። ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል። ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ ማመልከት አለባችሁ።»

ሙሉወርቅ ከበሩ ዞረች። «እጇስ? እርሱም በሐምሌ እንደ አዲስ ይሰበር?»

ሃዋኒ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ሙሉወርቅም «ሐምሌ አንድ ቀን በማለዳ ከዚሁ በር ታገኚኛለሽ» ብላ ወደ ጌሾዋ ሄደች።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የሚነሣ እጅ ለማቀፍና ለመባረክ እንጂ ለመምታት አይነሣ። ድምፅ የሌለው የቤተሰብህ ልመና ሳይሰማ አይደር። የድዳውን ጩኸት የሚሰማ አምላክ ደጅህን በሰላም ይክፈት፣ በሰላም ይዝጋ፤ አሜን።