ያለ ዘይት የከረመ ቁስል

ጾሙ ሊገባ ሰሞን ተክለብርሃን አጥር ሲጠግን ቆርቆሮው ቅልጥሙን ሸረከተው። ጾሙ ተጋመሰ፤ ቁስሉ ግን አልገጠመም። ልጁ ትሕትና ከሲ.ኤም.ሲ በመጣች ቁጥር ፋሻውን ገልጣ ታያለች፣ አይታም ያንኑ ትደግማለች።

"አባዬ፣ እስከ ፋሲካ ካልደረቀ እኔ ጋ ትገባለህ። እዚህ ዳገት ላይ ብቻህን አልተውህም።"

"ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው!"

"በዚህ አያያዝህማ አይቀርም።"

ቤቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው። ከሟች ሚስቱ ከጫልቱ ጋር የሠሩት፣ ልጅ ያሳደጉበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጨቃጨቁበት ቤት። እሱ ጡረታ እስኪወጣ ባዮሎጂ አስተምሯል፤ ማስረጃ ካላቀረቡለት ውሃ ማርጠቡንም የማይቀበል ሰው ነው። እሷ ደግሞ ቁስል ያለበት ሰው ቅባት መቅመስ የለበትም ባይ ነበረች። "ያመረቅዛል" ትላለች። አንዴ መጋዝ ጣቱን ሲቆርጠው የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

"የማን ጥናት ነው? ማስረጃ አምጪ! የሰው ቆዳ ከምን የተሠራ ይመስልሻል፣ ከጭቃ?"

"እሱን ለተማሪዎችህ አስተምር፣ ተክሌ። እዚህ ቤት ቁስልህ የኔ ነው።"

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ለይኩን ይህን በሰማ ቁጥር ይስቅ ነበር።

ዛሬ ጫልቱ የለችም። ያ ዕድሜውን ሙሉ ትእዛዟን ሲሞግት የኖረ ሰው ግን ማንም ሳያስገድደው ያንኑ ትእዛዝ ይጠብቅ ጀመር። ሽሮው ያለ ዘይት፣ ምስሩ በውሃ ብቻ። ተልባ እንኳ አይቀምስም። ያንን ደረቅ ጉርሻ ሲያላምጥ ከማድ ቤት "ጎሽ፣ እንዲህ ነው!" የምትለው ይመስለዋል። ይህንን ለልጁ አልነገራትም። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ እንዴት ይነገራል?

ትሕትና ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ፣ ግሩም፣ የድሮ ተማሪው ነው። ስኳሩን ለካ፣ የእግሩን የደም ዝውውር ዳሰሰ፣ መግል ፈለገ። ምንም የለም።

"ቲቸር፣ ምን ይበላሉ?"

"ጾመኛ የሚበላውን።"

"በዘይት?"

ተክለብርሃን ጣራ ጣራ አየ። ትሕትና አፈጠጠችበት፤ እውነቱ ወጣ።

"የሴል ሽፋን ከስብ ነው የተሠራው እያሉ ጠመኔ የወረወሩብኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለ ግሩም ሳቁን እየዋጠ።

"የወረወርኩብህ ስላዛጋህ ነው!"

"ዘይት መድኃኒት ነው አላልኩም፤ በዚህ ላይ ጥናቶቹ ራሳቸው አይስማሙም። ፋሻው ይቀየር፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ ባቄላና ምስር ያብዙ። ግን ቅባት ጨርሶ መተው አዲሱን ቆዳ መሥሪያ ዕቃ መንሳት ነው። የኑግ ዘይት ካገኙ ጥሩ ነው፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ቆዳ የሚፈልገው ዓይነት ስብ ያንሰዋል።"

ሲመለሱ ተክለብርሃን መንገዱን በሙሉ ተቆጣ። በሐኪሙ፣ በታክሲው ረዳት፣ በየሱቁ በር በተደረደረው የፓልም ዘይት ጄሪካን። ከሁሉም የባሰው በሴራሚክ መሸጫው ነው። እዚያ ቦታ የኑግ መጭመቂያ ነበር። የተቆላው ኑግ ሽታ ገና ከሩቅ ይቀበላቸው ነበር፤ ጫልቱ ጣቷን ዘይቱ ውስጥ ነክራ ሳትቀምስ አትገዛም፤ እሱ ደግሞ "ጣት ላይ ስንት ባክቴሪያ እንዳለ ታውቂያለሽ?" ሳይል አያልፍም። አሁን በዚያ መስኮት የሽንት ቤት መቀመጫ ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ሥልጣኔ!

ትሕትና ከሾላ ገበያ የኑግ ዘይት ገዝታ መጣች፤ ሽሮ ሠርታ ጠርሙሱን አጠገቡ አኖረች። ገፋው።

"እናትሽ..."

"እማዬ ምን? ረሳኸው እንዴ? እሷ እኮ ትንሽ ቀን አቆይታ፣ ቁስልህን አይታ፣ 'አሁን ይበቃሃል' ብላ ትፈታህ ነበር። የዚያን ቀን ሽሮው በዘይት ይዋኛል። እኔማ ያንን ቀን ነበር የምጠብቀው።"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ረስቶታል። ክልከላውን ቃል በቃል ይዞ መፍቻውን ረስቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው የሚፈታውን ሰው ነበር።

እግሩን በርጩማው ላይ ዘረጋ። "እይው" አላት፣ ቀና ሳይል።

ትሕትና ፋሻውን ገለጠች። ልክ እንደ እናቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አየችው።

"አሁን ይበቃሃል" አለችና ዘይቱን ሽሮው ላይ አንቆረቆረችው። የኑጉ ሽታ ቤቱን ሞላው። ተክለብርሃን ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና በርበሬው በዛ ብሎ ተቆጣት።

በፋሲካ ዋዜማ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ፋሻውን ፈታች። የቁስሉ ጠርዝ ተሰብስቦ መሐሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሻንጣውን ባዶውን እንደያዘች ወደ መኪናዋ ወጣች።

ተክለብርሃን እያነከሰ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ማድ ቤቱ አዞረ።

"ማስረጃው ይኸውልሽ!" ብሎ ጮኸ።

ከአጥሩ ማዶ ለይኩን ሳቀ።